መጠጥን ለመተው ባልንጀራ ያስፈልጋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ተብሎ ይጠራል። በዚያ ዕለት በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው የሚያነሣ ነው። ይህ ሰው መድኃኒቱ የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ከመጠመቂያው ዳር ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠባበቅ ነበርና። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ፈቃድም አይደለም። የጎደለው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ነው። ጌታችን ለመዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜም ስለ ሕመሙ ጽናትና ስለ ዓመቶቹ ብዛት አልተናገረም፤ አስቀድሞ የነገረው ሰው የሌለው መሆኑን ነው።

ዛሬ ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ሌላ በሽተኛ ለመናገር ነው። ይኸውም መጠጥ የያዘው፣ መተው የሚፈልግ፣ መተው እንደሚገባውም ከማንም ይልቅ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ብቻውን ሆኖ የሚታገል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአዲስ አበባም በደሴም በወልድያም አለ። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ግን በልባችን የያዝነው ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ባለችው በዋጃ ከተማና በዙሪያዋ፣ በራያ ቆላ የሚኖረውን ወገናችንን ነው።

የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው። ጐርፉ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ባጠጣው ዓመት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ከዚያው ማሽላ እንጀራውም ይጋገራል፣ ጠላውም ይጠመቃል። ጠላ በዚህ አገር የእንግዳ መቀበያ፣ የደቦ ማበርቻ፣ የሠርግና የተዝካር ማስተናገጃ ሆኖ ከአባቶች ተያይዞ የመጣ ነው። እኛም ይህን ሁሉ ለመንቀፍ አልተነሣንም። በቃና ዘገሊላ ሠርግ የሆነውን እናውቃለን፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መምከሩንም አንብበናል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ጻድቁ ኖኅ በወይን ጠጅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን እንደ ተኛ ሳይሸሽግ ይነግረናል። ዓለምን ካጠፋ ውኃ የዳነ ሰው በጽዋ ተሸነፈ። እንግዲህ በመጠጥ የወደቀውን ሁሉ ክፉ ሰው ነው፣ እግዚአብሔርን አይፈራም ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ንግግራችን ጠጥቶ ስለሚያቆመው ሳይሆን ከጀመረ ወዲያ ማቆም ስለማይሆንለት ሰው ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ ከባልንጀሮቹ ጋር በጠላ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ በኋላ ግን ጠላው አልበቃው ብሎ ወደ አረቄ ዞረ። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ የሚሆን አልኮል ሲኖረው፣ ዳግም አረቄ ግን ከመቶ 40 እጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በዋንጫ የለመደ ሰው መለኪያን ስለ ትንሽነቷ ሲንቃት ሳያስበው ብዙ ይጠጣል። ከዚያም ጧት ጧት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁን ለማርጋት ይጠጣል። ሰው እንዳያየው ብቻውን ይጠጣል። ለበሬ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ይጐድላል፤ ለልጆቹ ደብተር የታሰበው ብር ይጠፋል። ሚስቱ መጀመሪያ ትመክረዋለች፤ ቀጥሎ ትለምነዋለች፤ በመጨረሻ ዝም ትላለች። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ይህን አገር እየተመላለሰ የረገጠው ስለ ሆነ፣ የሞተበትን ወይም በዓይኑ ያየውን ለመርሳት ወደ መጠጥ የሄደ ሰው ቢኖር የሚያስደንቅ አይደለም። እርሱን መውቀስ ይቀላል፤ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን ጧት ተነሥቶ ‹በቃኝ› ባለ ጊዜ ወዴት ይሄዳል? በአገራችን ልማድ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ በመስቀል ይገዘታል፤ ወይም ጠበል ወርዶ ይሳላል። ይህ መልካም ነው፤ በዚህ መንገድ የዳኑ መኖራቸውንም የሚክድ የለም። ነገር ግን ብዙ የንስሐ አባቶች የሚያውቁትን አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሰውየው የአንድ ዓመት ግዝት ይገባል። በሦስተኛው ወር በአንድ ተዝካር ላይ ‹ስለ ሟቹ ነፍስ አንድ ቅመስ› ይሉታል። ይቀምሳል። ግዝቱም ፈረሰ። በዚያን ጊዜ በልቡ የሚመጣበት ሐሳብ ‹ከፈረሰ ወዲያማ ምን ቀረኝ› የሚል ነው፤ ስለዚህ አንዱን ዋንጫ አሥር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ቄሱን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይለውጣል፤ እሑድ ማለዳ ከቤቱ አይወጣም፤ የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት ቢመጡ ‹የለም በሉ› ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው መጠጡን ሳይተው ቤተ ክርስቲያኑን ተወ። ግዝቱ የመግቢያውን በር አሳይቶት ነበር፤ ወድቆ ሲነሣ በየት በኩል እንደሚመለስ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ብለን እንመልከት። ከዚሁ ዓይነት ሰዎች መካከል በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሳይጠጡ የሚከርሙ አሉ። በሌላው ወራት ሦስት ቀን መታገሥ ያቃተው ሰው 55 ቀን እንዴት ቻለ? የሰውየው ፈቃድ በጾም ወራት ድንገት ስለ በረታ ነው ብንል እንሳሳታለን። ጎረቤቱ ይጾማል፤ ድግስ የለም፤ ሠርግ የለም፤ ‹ለምን አትጠጣም?› ብሎ የሚጠይቀው የለም። ባይጠጣ የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ ቢጠጣ ግን ያፍራል። አገር በሙሉ ከእርሱ ጋር አብሮ ቆሟል። በትንሣኤ ሌሊት ሁሉም ወደ ገበታ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል፤ ሌሎቹ ከገበታው ሲነሡ እርሱ ሳይነሣ ይቀራል። ስለዚህ 55 ቀን የያዘው ኃይል በዙሪያው የነበረው ጉባኤ ነው። ይህን ጉባኤ ከበዓለ ትንሣኤ በኋላም ሊያገኘው ቢችል ምን ይሆን ነበር?

ይህንኑ ጥያቄ በሩቅ አገር ሁለት ሰዎች በብዙ መከራ መልሰውታል። ታሪኩ የሆነው በ1927 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ጦሯን በምታሰናዳበት ዓመት፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት አክሮን በምትባል ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ቀድሞ በአክሲዮን ንግድ ገንዘብ ያገኘ፣ በኋላም ገንዘቡንና ስሙን በመጠጥ ያጠፋ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝቶ ከወጣ ወዲህ አምስት ወር ያህል ሳይጠጣ ቆይቷል፤ በዚያም ጊዜ ሌሎች ጠጪዎችን እየፈለገ ይመክር ነበር። ከመከራቸው ሰዎች መካከል መጠጡን የተወ አንድም አልተገኘም። ሚስቱ ሎይስ ግን አንድ ነገር አስታወሰችው፤ እነርሱ ባይተዉም እርሱ ራሱ ሳይጠጣ መክረሙን ነገረችው።

በግንቦት ወር ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን ሄደ፤ ጉዳዩም ከሸፈ። ገንዘቡ ተመናምኖ፣ ወዳጅ በሌለበት ከተማ፣ ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል አዳራሽ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር። በአዳራሹ በአንደኛው ወገን መጠጥ ቤቱ አለ፤ የሰዎቹ ሣቅና ጨዋታ ይሰማዋል። በሌላው ወገን ስልክ አለ፤ በአጠገቡም የከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት ስም ተዘርዝሯል። በዚያች ሰዓት ወደ ስልኩ ሄደ፤ ለአንድ ቄስም ደወለ። የጠየቀው ነገር የሚያስገርም ነው። ምክር አልጠየቀም፤ ገንዘብም አልለመነም፤ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲፈልጉለት ነበር የለመነው። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት አገኘ፤ እርስዋም ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የሚባል፣ ለብዙ ዘመን በመጠጥ የተያዘ ቀዶ ሐኪም ታውቅ ነበር። በማግሥቱ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ በቤቷ አገናኘቻቸው። ዶክተሩ ‹ሩብ ሰዓት ብቻ እቀመጣለሁ› ብሎ ገባ፤ የወጣው ግን እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው።

ዶክተር ስሚዝ ራሱ ሐኪም ነበርና ስለ መጠጥ ጉዳት ሊነግሩት የሚችሉት አዲስ ነገር አልነበረም። ከራሱ መከራ ተነሥቶ፣ ሳይገሥጽ፣ እንደ እኩያ የሚያነጋግረው ሰው ሲያገኝ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል፤ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰክሮ ተመለሰ። ቢል ዊልሰን ግን አላባረረውም፤ ተቀብሎ አስታመመው። ዶክተሩ ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ በ1943 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ዳግመኛ አልቀመሰም። በዚያው በሰኔ ወር ሁለቱ ወደ ከተማይቱ ሐኪም ቤት ሄደው በመጠጥ ምክንያት የተኛ አንድ ጠበቃ አነጋገሩ፤ እርሱም ሦስተኛው ሆነ። አልኮሊክስ አናኒመስ የሚባለው ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ከሰኔ 3 ቀን ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል።

የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነው። የመግቢያ ገንዘብ የለም፤ የሚጠየቀው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ነው። የአባት ስም አይጠየቅም፤ በጉባኤው የተሰማውም ከጉባኤው አይወጣም። በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፤ ‹እንዲህ ብታደርግ ኖሮ› ብሎ የሚመክረውም የለም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፤ መናገር ያልፈለገም ዝም ብሎ ይሰማል። ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው ግን ዘለዓለም አልጠጣም ብሎ የሚምል አለመኖሩን ነው። የሚባባሉት ‹ዛሬን› ነው። ነገ ስለ ነገ ይነጋገራሉ። የወደቀ ሰው ቢኖር በሚቀጥለው ስብሰባ ገብቶ ‹ወድቄአለሁ› ይላል፤ ቦታውም ሳይወሰድበት ይጠብቀዋል። አዲስ የመጣውም ከቀደሙት አንዱን መርጦ የመጠጥ ፍላጎት በተነሣበት ሰዓት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ የሚደውልለት ሰው ይይዛል። ጠጪ ያልሆነ ሰው እንዲሰማ የሚፈቀድበት ስብሰባም አለ፤ ለጠጪዎቹ ብቻ የተዘጋም አለ። ወደ አዲስ ቦታ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይህን ቢጠይቅ አይሳሳትም።

አንዳንድ ምእመናን ‹ይህ ከንስሐ ጋር አይጋጭምን?› ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በእኛ አስተያየት አይጋጭም። በዚያ ስብሰባ የሚቀመጡት ሰዎች በእግዚአብሔር ኃይል መታመንን ይናገራሉ፤ ሃይማኖቱን ግን ለየሰዉ ይተዉታል። ኃጢአትን የሚፈታ ካህን ነው፤ ዓርብ ማታ ከጠላ ቤት በር ላይ እጅ ይዞ የሚመልሰው ግን ባልንጀራ ነው። የንስሐ አባት ለብዙ ቤት አንድ ናቸው፤ በየማታው ሊገኙ አይችሉም።

ይህን ሁሉ ከመናገራችን አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ማቆም የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ካቆመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት ይመጣበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀንም የሌለ ነገር እያየ ሊዘባርቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ያዩ ቤተ ሰቦች ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ወደ ጠበል ብቻ ይዘውት የሚሮጡበት ጊዜ አለ። ጠበሉ የትም አይሄድም፤ አስቀድሞ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለዚህ ሕመም የታወቀ መድኃኒት አለ፤ አንጎልን ከጉዳት የሚጠብቅ ቢ1 የሚባል ቪታሚንም ይሰጣል። የዋጃ ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ቆቦ ወይም ወደ አላማጣ ሆስፒታል፣ ነገሩ ከከበደም ወደ ወልድያ ሊሄድ ይችላል። ሲደርስም ‹ሆዴን አመመኝ› ብሎ መሸሸግ አይገባውም፤ ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደ ሆነ በትክክል ይናገር፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚለካው በዚህ ነውና።

ስብሰባውንም ለመፈለግ መነሻው ያው ሐኪም ቤት ነው። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያውን ጠይቆ ‹እንደ እኔ ያለ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አለን?› ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያለ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ሰው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊጠይቅ ይችላል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የስብሰባዎቹ ቀንና ቦታ በየከተማው ተዘርዝሮ ይገኛል፤ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉም ብዙ ናቸው። የአንዱ ስብሰባ ሰዎች ባይስማሙት ሌላውን ይሞክር። አንድ ጊዜ ሄዶ ‹ለእኔ አይሆንም› ብሎ መተው አንድ ክኒን ውጦ መድኃኒቱ አልሠራም እንደ ማለት ነው።

በአካባቢው እንዲህ ያለ ስብሰባ ያላገኘ ሰውስ? እዚህ ላይ የአክሮን ታሪክ ይጠቅመናል። በግንቦት 1927 በዚያች ከተማም አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ ሆነ። ደግሞም መሰብሰብ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ወር በገባ የሚገናኝ የጽዋ ማኅበር አለን፤ ሰንበቴ አለን፤ ዕድር አለን። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት ደም የተቃቡ ሰዎችን አቀራርቦ ሲያስታርቅ የኖረ ነው። ደም ለማድረቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ ስለ አንድ ወንድሙ መጠጥ ለመቀመጥ አይከብደውም።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ሳንሸሽግ እንናገረው። በአገራችን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጽዋው ይቀድማል። በማኅበሩ ጠላ አለ፤ በሰንበቴው ጠላ አለ፤ የታረቁት ሰዎች የሚታረቁት በጠላ ነው። መጠጥ ለመተው የሚፈልግ ሰው ከማኅበሩ ቢቀር ከወንድሞቹ ተለየ፤ ቢሄድ ወደቀ። ስለዚህ ማኅበርተኞች ሁሉ ይህን እንዲያስቡበት እንለምናለን፤ ጠላው ባለበት ቤት ብርዝም ይኑር፣ ቀሪቦም ይኑር፤ ያልጠጣውን ሰው ‹አንድ ቅመስ› ብሎ መጐትጐትም ይቅር። ቀሪቦን የእስላም ወገኖቻችን በሠርጋቸውና በበዓላቸው ሲጠጡት ኖረዋል፤ ደስታቸውም ጐደለ ሲባል አልሰማንም።

ለጠጪዎቹ ስብሰባ የሚሆነውስ ጽዋ የትኛው ነው? ቡና ነው። በወሎ ምድር ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ከአቦሉ እስከ በረካው ያለው ጊዜ ለአንድ ስብሰባ ይበቃል። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ለምን ተሰበሰቡ ብሎ የሚጠራጠር ጎረቤትም የለም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታው ከጠላ ቤት ራቅ ያለ የአንድ ታማኝ ሰው ቤት ይሁን፤ ቀኑ ከገበያ ቀን የተለየ ይሁን፤ በገበያ ቀን ገንዘብ በእጅ ይገባል፣ ወዳጅም ይበዛልና። ገንዘብ መበዳደር በዚያ ቤት አይነሣ፤ ብድር ከገባ መተፋፈር ይመጣል። ፖለቲካና የመሬት ክርክርም ከደጅ ይቅር።

ስለ ሴቶችም ጥቂት እንበል። ጠላ የምትጠምቅ፣ አረቄ የምታወጣ ሴት ሥራዋ ራሱ እንድትቀምስ ያስገድዳታል። እርስዋ በመጠጥ ብትያዝ ኀፍረትዋ ከወንዱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከወንዶች ጋር ሳይሆን ከሴቶች ጋር ብትቀመጥ ይቀላታል። ጠላ ሻጮችን እንደ ጠላት የሚቈጥሩ ሰባኪዎችን ሰምተናል። ከእነርሱ መካከል ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አሉ፤ በእነርሱ ላይ መጮህ ማንንም አላዳነም። ይልቅስ እንዲህ ብለን እንለምናቸዋለን፤ እየተወ ያለውን ሰው ስታውቁት በዱቤ አትቅዱለት። ለወጣቶችም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል።

የጠጪው ሚስት፣ እናቱና ልጆቹም የራሳቸው ስብሰባ ያስፈልጋቸዋል። የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ይህን ተረድታ በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የጠጪ ቤተ ሰቦች የሚገናኙበትን አል-አኖን የተባለውን ማኅበር ከሌላ ሴት ጋር ሆና መሥርታለች። በዚያ የሚነገረው ባልን እንዴት ማስተው እንደሚቻል አይደለም፤ ሴቲቱ በባልዋ መጠጥ ምክንያት የራሷን ሕይወት እንዳታጣ ነው። ጠርሙስ መደበቅ፣ ዕዳ እየተሸሸጉ መክፈል፣ ለአሠሪው ‹ታሟል› ብሎ መዋሸት ፍቅር ይመስላል፤ ሰውየውን ግን ከሥራው ውጤት ይጋርደዋል። ይህን ለብቻ መተው ያስፈራል። ሦስት ጎረቤቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩበት ግን ይቀላል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የሚሄደውን ሰው እናስብ። ምሽት ነው። ልቡ ይፈራል፤ ‹ከዚያ የማውቀው ሰው ቢኖርስ?› ይላል። ቢኖር እርሱም የመጣው ስለዚያው ነገር ነው። በበሩ ሲገባ ስለ ሥራው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ትናንቱ መናገር የለበትም። ስሙን ብቻ ተናግሮ ቢቀመጥ ይበቃል። ጠጥቶ ቢመጣም አይባረር፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ ሰምቶ ይሂድ። ወጣቱ ከሽማግሌው አጠገብ ይቀመጥ፤ ‹አያ፣ እኔም እንዳንቱ ነኝ፤ ዛሬን አብረን እንዋል› ይበል። ሽማግሌውም ልጅ ነው ብለው አይናቁት፤ መጠጥ ዕድሜ አይመርጥምና።

ሁለት ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይጀመራል። አንዱ ቢቀር የመጣው ቡናውን አፍልቶ ሰዓቱን ይጨርስ። በሚቀጥለውም ሳምንት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቤት ይገኝ፤ የቀረው ሰው ለመመለስ ባሰበ ጊዜ የት እንደሚያገኘው እንዲያውቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።